የእናቴ አንገት፣ የልጄ ሳል

በእናቴ አንገት ላይ አራት ረድፍ ንቅሳት አለ። ከአገጯ ሥር ይጀምርና እንደ ድሪ እየተደረበ ወደ ደረቷ ይወርዳል። ሦስቱ ረድፎች ቀጥ ያሉ ናቸው። አራተኛው መካከሉ ላይ ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ ከሥሩ እንቅርት አለና። ልጅ ሳለሁ፣ ማታ እሳቱ ዳር ጭኗ ላይ ተጋድሜ፣ ያንን የጎበጠ መስመር በጣቴ እየተከተልኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ስትውጥ ከጣቴ ሥር ወደ ላይ ወጣ ይልና ይመለሳል። ለምን እንደተነቀሰች ስጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለጌጥም ነው፤ እንቅርቱም እንዳይወጣ ብለው ነው።» ነቃሿ ዘንድ የወሰዷት አያቴ ናቸው። ንቅሳቱ ጌጥነቱ እስከ ዛሬ አልጠፋም። እንቅርቱ ግን እኔን ባረገዘችበት ዓመት ወጣ።

መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለው በእኛ መንደር፣ እንቅርት ያለባት ሴት ብርቅ አልነበረችም። ውኃ ስንቀዳ፣ ገበያ ስንወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም እናያቸዋለን፤ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጠም ያደርጉታል። ስለ በሽታው ግን የሚያወራ አልነበረም። እንቅርት የሚነሳው ስለ ሌላ ነገር ሲወራ ነው። በሬ በሞተበት ዓመት በረዶ ገብሱን ሲደግመው፣ ዕዳ ባለበት ቤት ላይ ሐዘን ሲጨመር፣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይባላል። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ቆም ብዬ ያሰብኩበት ግን እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። እንቅርት አንገት ላይ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ እብጠት ነው። ጆሮ ደግፍ ደግሞ ቫይረስ የሚያመጣው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ሰውነት መከላከያውን አሰልፎ የሚዋጋው። ተረቱን የተረቱት ሰዎች ሁለቱን ያጣመሩት ሁለቱም አንገትና መንጋጋ አካባቢ ስለሚያብጡ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ስጠይቅ የኖርኩት ከዚሁ ጋር የሚገጥም ጥያቄ ነው፤ የእናት ዕጢ ሲደክም የልጅ በሽታ የመከላከል አቅም ምን ይሆናል?

ጥያቄው የመጣው ከመጽሐፍ አይደለም። የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት በ2006 ዓ.ም. ነው። ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ፀሐይ ጠንክራ በምትወጣበት ግንቦት ጋቢ ደርቤ ክፍል እገባ ነበር። ጣቶቼ ጠመኔ ሲይዙ ይደነዝዛሉ። ደረጃ ወጥቼ መተንፈስ ያቅተኛል፤ ቀትር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ይጥለኛል። ጸጉሬ በማበጠሪያው ሙሉ ይወጣል። ክትትል የማደርግበት ጤና ተቋም ሄጄ ይህንን ሁሉ ተናገርኩ። የደም ግፊቴ ተለካ፣ ሽንቴ ታየ፣ ክብደቴ ተመዘገበ፤ ከዚያም ድካሙ የእርግዝና ነው፣ ብርዱ የደብረ ብርሃን ነው ተባልኩ። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በረደኝ ያለ ሰው ሁሉ እውነቱን ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከሚታዩት ምልክቶች ዋነኞቹ ብርድ አለመቻል፣ ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅና የጸጉር መነቃቀል ናቸው። በቆላ ብሆን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ጋቢ ደርቤ ብታይ፣ አንድ ሰው «ምን ሆነሽ ነው?» ማለቱ አይቀርም ነበር። በደጋ በሽታው ከአየሩ ጋር ተመሳስሎ ይደበቃል።

ልጄ በ2007 ዓ.ም. ተወለደ። ከስድስተኛ ወሩ ጀምሮ ደረቱ ይጮህ ነበር። ሁለት ጊዜ በሳንባ ምች ተኝቷል፤ በኋላም አስም ነው ተባለ። ሌሊት ሌሊት ጀርባውን ደግፌ አስቀምጬው፣ የጎድን አጥንቶቹ መካከል ሲሰረጉድ እያየሁ የነጋባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በ2010 ዓ.ም. ሁለተኛው ጽንስ በሦስተኛው ወር ጨነገፈብኝ። እንደገና ሳረግዝ ያገኘኋት ሐኪም ናት አንገቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የነካችው። ከኋላዬ ቆማ ሁለት እጇን ከማንቁርቴ በታች አኖረችና «እስቲ ምራቅሽን ዋጪ» አለችኝ። ዋጥኩ። ከጣቶቿ ሥር ወደ ላይ ወጣ ብሎ ሲመለስ እኔም ተሰማኝ። ያን ጊዜ የታየኝ የእናቴ አራተኛው ረድፍ ነው።

የደም ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ ውጤቱ በስምንተኛው ቀን መጣ። ቲኤስኤች የሚባለው፣ ከአንጎል ሥር ካለችው ከፒቱታሪ የሚወጣውና ታይሮይድን «ሥሪ» ብሎ የሚያዘው ሆርሞን፣ ከሚገባው በላይ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ዕጢዋ ስትደክም ትእዛዙ ይበረታል። በደሜ ውስጥ የራሴን ታይሮይድ የሚያጠቁ ጸረ እንግዳ አካላትም ተገኙ። በሽታው ሃሺሞቶ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1912 በአራት ሴቶች ዕጢ ላይ አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በጻፈው ጃፓናዊ ሐኪም በሃካሩ ሃሺሞቶ የተሰየመ ነው። የእናቴ እንቅርት ሌላ ሥር ሊኖረው ይችላል፤ በእኛ ደጋ ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነበርና። አንገቱ ግን አንድ ነው፤ ሆዱም አንድ ነው።

ታይሮይድ ከማንቁርት በታች የመተንፈሻ ቱቦን አቅፎ የተቀመጠ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ ነው። በጤነኛ አዋቂ ሰው ክብደቱ ከ15 እስከ 20 ግራም ቢሆን ነው። በብዛት የሚያመነጨው ሆርሞን ታይሮክሲን ነው፤ አራት የአዮዲን አተሞች ስላሉበት ቲ4 ይባላል። ሕዋሳት ከአራቱ አንዱን ሲነቅሉለት ቲ3 ይሆናል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ይህ ቲ3 ነው፤ ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ የትኛው ዘረ መል ሥራ እንደሚጀምር፣ የትኛው እንደሚያርፍ ያዛል። ይህንን ስዕል ሰሌዳ ላይ ሳልኩ ስል ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። በመማሪያ መጽሐፉ ያልነበረው ግን ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ነው፤ ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ የሆነ ሆርሞን የለውም። ዕጢው አዮዲን መሰብሰብ የሚጀምረው በ10ኛውና በ12ኛው ሳምንት መካከል ነው፤ ራሱን የሚያስችል ያህል የሚያመነጨው ደግሞ ወደ 18ኛውና 20ኛው ሳምንት ሲጠጋ ነው። እስከዚያ ድረስ በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ የሚያልፈውን ይጠቀማል። እንግዴ ልጁ ራሱ ሆርሞኑን የሚያመክን ኢንዛይም ስላለው ሁሉንም አያሳልፍም፤ እየመጠነ ነው የሚያሳልፈው። የእናት ዕጢ ለሁለት ስለሚሠራ ምርቱን በግማሽ ያህል መጨመር አለበት። አዮዲን ያጠረው ወይም የቆሰለ ዕጢ ይህንን ሲያቅተው ያብጣል። እናቴ እኔን ባረገዘችበት ዓመት የሆነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንገቷ ያበጠው ለእኔ ሊሠራ ሲታገል ነው።

አሁን የሀገራችንን ልማድ አስቡት። ብዙ ሴት ሆዷ ሳይገፋ ማርገዟን አትናገርም። ዓይን ይፈራል፤ ጽንሱ ሳይጠና ወሬው አይወጣም። ጤና ጣቢያ የምትሄደው አራት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሕፃኑ በእናቱ ሆርሞን ብቻ የኖረበት ዘመን አብቅቷል ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን ውስጥ ምን ምን ይሠራል? ስለ አንጎል ብዙ ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ታይሮይዳቸው ደክሞ ሕክምና ያላገኙ እናቶች ልጆች ከ7 እስከ 9 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የአእምሮ ብቃት ፈተና ውጤታቸው በ7 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ትልቅ ሙከራ ደግሞ በ13ኛው ሳምንት ገደማ መድኃኒት የጀመሩ እናቶች ልጆች ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ካልጀመሩት ልጆች የተለየ ውጤት አላገኘባቸውም። ክርክሩ እንደቀጠለ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ብዙ ያልተወራለት፣ በዚያው ወቅት በጽንሱ አንገትና ደረት ውስጥ የሚከናወን ሌላ ሥራ ነው።

ከደረት አጥንት ኋላ፣ ከልብ በላይ፣ ታይመስ የሚባል አካል አለ። ታይሮይድና ታይመስ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም የሚጸነሱት በጽንሱ ጉሮሮ አካባቢ ነው፤ በኋላ ነው ወደየቦታቸው የሚወርዱት። ታይመስ ቲ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚማሩበት ቦታ ነው። ምን ይማራሉ? መለየት። መንዝ ያደገ ሰው ይህንን በቀላሉ ይረዳዋል። እረኛ ሳለን የሦስትና የአራት ቤት በጎች ወንዝ ዳር ይቀላቀላሉ። ማታ መለየት አለብን። ሁሉም ጸጉራሙ የመንዝ በግ ነው፤ ጥቁሩም ቡናማውም ይመሳሰላል። ጎበዝ እረኛ በጆሮ ምልክት፣ በአረማመድ፣ በጩኸት ይለያል። የሰው በግ ይዞ የገባ እረኛ ጠብ ያመጣል፤ የራሱን በግ የሌላ ሰው ነው ብሎ ያባረረ ደግሞ የራሱን ቤት ያፈርሳል። ታይመስ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት የሚፈተኑት በዚህ ነው፤ የራስን አካል እንደ ባዕድ የሚያጠቁት፣ ምንም የማይለዩትም፣ እዚያው እንዲሞቱ ይደረጋል። ፈተናውን አልፈው የሚወጡት ከመቶ አምስት እንኳ አይሆኑም።

የታይሮይድ ሆርሞን እዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ እጁ አለበት። ሆርሞናቸው ያነሰ እንስሳት ታይመሳቸው ይኮሰምናል፤ ሲሰጣቸው ያገግማል። በመቅኒ ውስጥ ጸረ እንግዳ አካላትን የሚያመርቱት ቢ ሕዋሳት ሲወለዱም እንዲሁ ነው፤ ሆርሞኑ የሌላቸው ወይም ሆርሞኑን የሚቀበለው ተቀባይ የጎደላቸው አይጦች ቢ ሕዋሳታቸው ያንሳል፤ ሆርሞን ያልነበራቸው ታይሮክሲን ሲሰጣቸው ቁጥሩ ይመለሳል። ይህ እንግዲህ እንስሳው ራሱ ሆርሞን ሲያጣ ነው። እናቱ ብቻ ያጣችበትስ?

እዚህ ላይ የቺሊ ተመራማሪዎች የሠሩት ሥራ እንቅልፍ ነሥቶኛል። እርጉዝ አይጦችን ታይሮይዳቸውን በሚያዳክም መድኃኒት ለተወሰኑ ቀናት ያዙ፤ ከዚያም ልጆቻቸው ተወልደው እስኪያድጉ ጠበቁ። ልጆቹ ጤነኛ ይመስላሉ። ካደጉ በኋላ ግን ሰውነት የራሱን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት፣ በሰው ላይ ከሚታየው መልቲፕል ስክሌሮሲስ ጋር የሚመሳሰል በሽታ ሲቀሰቀስባቸው፣ ከሌሎቹ ይልቅ ጠና ብሎ ታየባቸው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በተከታዮቹ ሥራዎች ውስጥ ሌሎቹን ሕዋሳት «ተዉ፣ ይብቃ» ብለው የሚገቱት ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት የመግታት አቅማቸው ቀንሶ ተገኘ። ያቺ እናት አይጥ ሆርሞን ያጣችው ለጥቂት ቀናት ነው። ምልክቱ ግን በልጇ ጉልምስና ተገለጠ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ «የእናት ሆርሞን ሲያንስ የልጅ መከላከያ ይደክማል» ብዬ በአንድ መስመር እጨርሰው ነበር። ነገር ግን በተመሳሳይ መንገድ የተወለዱ ሴት አይጦች የሳንባ ምች በሚያመጣው ኒሞኮከስ ባክቴሪያ እንዲያዙ ሲደረግ፣ ከሌሎቹ በተሻለ ባክቴሪያውን ጠርገው አገገሙ። ይህንን ሳነብ ብዙ ቆየሁበት። ሁለት ጊዜ በሳንባ ምች የተኛ ልጅ እናት ነኝና የጠበቅኩት ተቃራኒውን ነበር። የገባኝም ያን ጊዜ ነው። ጥያቄው ጠነከረ ወይስ ደከመ የሚል አይደለም። የእናት ሆርሞን የልጁን መከላከያ አቅጣጫ ያስይዘዋል፤ መቼ እንደሚቆጣ፣ በማን ላይ እንደሚቆጣ፣ መቼ እንደሚበርድ። ያ ልክ ሲዛባ በአንድ በኩል የሚጠቅም በሌላ በኩል የራስን አካል ያስጠቃል። አስምም ቢሆን የደካማ መከላከያ በሽታ አይደለም። በአቧራና በብርድ ላይ ከመጠን በላይ የሚቆጣ መከላከያ ነው።

በሰዎች ላይ የተደረገውን ስፈልግ ያገኘሁት ዴንማርክን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2007 የተወለዱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች መዝገብ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት፣ ታይሮይዳቸው ደክሞ የነበረ እናቶች ልጆች የአስም መድኃኒት የመፈለግ ዕድላቸው በመጠኑ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል፤ ከፍታው ጎላ ያለው እናቶቹ በእርግዝና ወቅት መድኃኒት ባልወሰዱበት ጊዜ ነው። «በመጠኑ» የሚለውን ቃል አንባቢ እንዳይዘለው እለምናለሁ። አብዛኞቹ ልጆች አስም አልያዛቸውም። መዝገብ ደግሞ አብሮ መገኘትን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም። የልጄን ሳል ከአንገቴ ጋር አስሬ ልፈርድ አልችልም፤ የከሰል ጭስም ነበረ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭም ነበረ። ታናሿ፣ ሆርሞኔ ተስተካክሎ የወለድኳት ልጄም፣ ስታስል ሰንብታ ታውቃለች።

ያም ሆኖ ያን ጥናት ያነበብኩ ሌሊት አልቅሻለሁ። «እኔ ነኝ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ማንኛዋም እናት ልብ በቶሎ ይገባል። ልጅ ሲታመም ጣት ወደ እናት ነው የሚቀሰረው፤ ብርድ አስመታሽው፣ ጡት ቶሎ አስጣልሽው፣ እንዲህ በልተሽ ነው። እኔ ይህንን የምጽፈው በዚያ ክምር ላይ ሌላ ድንጋይ ለመጣል አይደለም። በእኔ ላይ የደረሰው በእኔ ጥፋት የደረሰ አይደለም። ደሜ አልተመረመረም፤ አንገቴ አልተነካም። እናቴም ከባሕር ርቃ መወለዷ፣ የምትበላው ጨው አዮዲን የሌለው መሆኑ የእሷ ምርጫ አልነበረም።

እናት ለልጇ መከላከያ የምታወርስባቸው ሌሎች መንገዶች በሀገራችን ይታወቃሉ። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለዚህ ነው፤ የእሷ ጸረ እንግዳ አካላት በእንግዴ ልጁ አልፈው የተወለደውን ይጠብቁታል። የኩፍኝ ክትባት በዘጠነኛው ወር የሚሰጠውም ከእናት የተወረሰው መከላከያ እስከዚያ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። አብዛኛው ርክክብ የሚፈጸመው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ያልታከመ የታይሮይድ ድካም ደግሞ ያለጊዜው የመውለድን አደጋ ይጨምራል፤ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ከዚያ ስንቅ የሚገባውን ሳይቀበል ይመጣል። አይጦቹን ብንተዋቸው እንኳ ይህ መንገድ ብቻውን ይበቃል። እንገሩንም አንርሳ። በእኛ በኩል እንገሩን ቆሻሻ ነው ብለው አልበው ይደፉት፣ ሕፃኑን ቅቤ ያስውጡት ነበር። ለላም ጥጃ የሚታዘንለትን ያህል ለሰው ልጅ አልታዘነለትም።

ጨው ላይ ልመለስ፤ ሥሩ እዚያ ነው። አዮዲን የባሕር ነው። ከፍ ያለ ተዳፋት መሬት ላይ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለብዙ ዘመን ሲያጥቡት አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል። በዚያ አፈር ላይ የበቀለ ገብስና ባቄላ ውስጥ ከየት ይመጣል? ወተትና እንቁላል ጥቂት አለባቸው፤ ጾሙን የምትጾም ሴት ግን የዓመቱን እኩሌታ ያህል አታገኛቸውም። ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ነው፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት 250 ያስፈልጋቸዋል። የ70 ዓመት ዕድሜ ድርሻ ተደምሮ 4 ግራም አይሞላም። በአንድ የቡና ሲኒ ታች ላይ የሚቀር ነገር ነው። አያቶቻችን ይበሉት የነበረው ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ነው፤ በአንኮበር ሥር ባለው በዓልዩ አምባ ገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር የነበረው። ክቡር ጨው ነበር፤ ለዕጢ የሚበቃ አዮዲን ግን አልነበረውም።

በኋላ ከቀይ ባሕር ዳርቻ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ገበያውን የሞላው አዮዲን ያልተጨመረበት የአፍዴራ ጨው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙ ሀገር አቀፍ ጥናቶች ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 39.9 በመቶው፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሥር ቤቶች ወደ ዘጠኙ አዮዲን ያለበት ጨው ተገኘ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ነገር ግን አለ መባሉና በቂ መሆኑ ይለያያል። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ይተናል። ከረጢቱ ገበያ ላይ ተከፍቶ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ቤት ሲደርስ የቀረበትን ማንም አይለካውም።

እኔ ጨው ብቻውን አያድነኝም፤ ዕጢዬ በራሴ መከላከያ የቆሰለ ነውና ሆርሞኑን ራሱን መዋጥ አለብኝ። ይህ መድኃኒት የተጀመረው በበግ መሆኑን ስሰማ የመንዝ ልጅነቴ ደስ ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ ያወጣውን ጭማቂ ለአንዲት የ46 ዓመት ሴት ሰጣት። ሴትዮዋ 28 ዓመት ኖራ በ74 ዓመቷ ዐረፈች። ለእሷ ሕይወት ከ870 በላይ በጎች ዕጢያቸውን ሰጥተዋል። ዛሬ ያ ሁሉ መንጋ በአንዲት ሌቮታይሮክሲን በምትባል ነጭ ክኒን ውስጥ አለ።

ክኒኗ ግን ጸባይ አላት። መጀመሪያ ሳምንታት ለነፍሰ ጡር ከሚሰጠው የብረት ክኒን ጋር በአንድ ጉርሻ ውኃ እውጣት ነበር፤ ቡናውም ከተፍ ይላል። ከወር በኋላ ቲኤስኤች ንቅንቅ አላለም። አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ «ከምን ጋር ነው የምትወስጃት?» ብላ ባትጠይቀኝ ኖሮ መጠኑን እየጨመሩ ይቀጥሉ ነበር። ብረትና ካልሲየም ሆርሞኗን ይይዟታል፤ የአራት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። ባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስም ከቡናም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ። ቀድሞውንም መድኃኒቱ ላይ ያለች ሴት ደግሞ ማርገዟን እንዳወቀች ለሐኪሟ መናገር አለባት፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል መጨመር ይኖርበታል። ሦስት ወር ሞልቶ ሆድ እስኪገፋ መጠበቅ ለዚህች ሴት አይሆንም። ከወለደችም በኋላ ጉዳዩ አያልቅም። በእርግዝና ረገብ ያለው መከላከያ ከወሊድ በኋላ መልሶ ይነሳል፤ ከሃያ እናቶች አንዷ ገደማ በመጀመሪያው ዓመት ታይሮይዷ ይቆጣል። አራስ ስትጨነቅ፣ ልቧ ሲመታ፣ በኋላም ስትዝል፣ ገንፎና ምክር ብቻ አይበቃትም።

ባለፈው ለጥምቀት እናቴ ዘንድ ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ጨው በቅል ውስጥ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ነበር። ደጋ ስለሆነ እንዳይሟሟ ብላ ነው፤ እናቷም እንዲሁ ነበር የምትሰቅለው። ክዳን ያለው የቆርቆሮ ዕቃ ይዤላት ነበርና ወደ ጓዳ፣ ከዱቄቱ ዕቃ ጎን አኖርኩት። «ከእሳት ከራቀ ይሟሟላል እኮ ልጄ» አለች። ክዳኑ እንደሚይዘው ነገርኳት። ደግሞ ጨው ከሽንኩርቱ ጋር ሳይሆን ወጡ ሲወርድ እንዲገባ ለመንኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ስልሳ ዓመት ያበሰለች ሴት ናት።

ማታ ሽሮው ሲንተከተክ ልጄ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ አጠገቧ ቆመ። ጭሱ አስሎታልና በሩን ገርበብ አደረግኩለት። «እማማ፣ አሁን ልጨምር?» ይላታል፤ «ቆይ፣ ይውረድ» ትለዋለች። ድስቱን ከጉልቻው አወረደች። ከፈተላት፣ በሦስት ጣቷ ዘግና ጨመረች፣ አማሰለች። ከማማሰያው ላይ መዳፏ ውስጥ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ስትውጥ አራተኛው ረድፍ ወደ ላይ ወጣ ብሎ ተመለሰ። ልጄ ጣቱን ዘርግቶ ነካው።

«ይበቃዋል» አለች።